የአባቴ ሸክላዎች፦ ያበላሸኋቸውና ያተረፍኳቸው

አባቴ ጥር 2011 ዓ.ም. ሲያርፍ ትቶት ከሄደው ንብረት ውስጥ ከእህት ወንድሞቼ አንዳቸውም "ለእኔ ይሁን" ያላሉት የሙዚቃ ሸክላዎቹን ነበር። ሁለት መቶ ይሆናሉ። ከግማሽ በላይ የአሜሪካ ጃዝ፣ የቀሩት የአገራችን ዘፈኖችና በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሙዚቃዎች። እኔም የወሰድኳቸው ወድጃቸው አይደለም፤ እናቴ "እንዳትጥሏቸው ብቻ" ብላ ያየችው ወደ እኔ ስለነበር ነው። ዛሬ በእጄ ያሉት አንድ መቶ አርባ ናቸው። የጎደሉትን ስልሳ ሌባ አልወሰዳቸውም፤ ያጠፋኋቸው እኔው ነኝ። የአባቱ ወይም የአያቱ ሸክላ አልጋ ሥር የተቀመጠ ሰው ካለ እኔ ያጠፋሁትን እንዳይደግመው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አባቴ የቴሌ ሠራተኛ ነበር። ወጣትነቱን ያሳለፈው አስመራ ነው፣ አሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ በሚባለው የጦር ሰፈራቸው በነበሩበት ዘመን። ጃዝ የያዘው ግን በሬዲዮ ነው። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በአጭር ሞገድ የሚያስተላልፈው የጃዝ ዝግጅት ነበረው፤ አቅራቢው ዊሊስ ኮኖቨር ይባላል። እንግሊዝኛ አፉን ያልፈታበት ሁሉ እንዲከተለው ብሎ ቃላቱን እየለየ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚያወራው። አባቴ "እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ኮኖቨር ነው፤ ትምህርት ቤትማ ዱላውን ነው የማስታውሰው" ይል ነበር። የዝግጅቱ መግቢያ የአሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ የዱክ ኤሊንግተን "ቴክ ዘ ኤ ትሬይን" ነው። አንድ አሜሪካዊ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ ይህችኑ ሙዚቃ በደቂቃ በ78 ዙር የተቀረጸችበትን ሸክላ ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ከሁሉም የሚሳሳላት እሷ ነበረች። እኛ ልጆቹ እንድንነካት ቀርቶ ባጠገቧ በሩጫ እንድናልፍ አይፈቀድልንም ነበር።

ኤሊንግተን ራሱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1973 አዲስ አበባ መጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸልመውታል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ተጫውቷል። አባቴ በዚያ ሰሞን ለሥራ ደሴ ተልኮ ነበር። የወሎ ረሃብ ጊዜ ነው። ጓደኞቹ "ዱክ እደጅህ መጥቶ አመለጠህ!" እያሉ ሲያበሽቁት አንድም ቀን ሲቆጭ አላየሁትም። "እኔ በዚያ ሰሞን መንገድ ዳር ያየሁትን..." ብሎ ይጀምርና ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረዋል። ኤሊንግተን በስድስት ወሩ ሞተ፤ ከዚያ በአራተኛው ወር ንጉሡ ወረዱ፤ ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የአዲስ አበባም ሌሊት ተዘጋ። አባቴ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ማጫወቻው ላይ ደፍቶ ማዳመጥ የለመደው ያኔ ነው። እስኪሞትም አልተወውም።

የመጀመሪያው ጥፋት የተፈጸመው በለቅሶው ዕለት ነው። ለለቀስተኛ መቀመጫ ተብሎ ሳሎኑ ሲገለባበጥ ሸክላዎቹ በረንዳ ወጥተው አንዱ ባንዱ ላይ ተነባበሩ። ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፤ ስለዚህ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ማንም አስታውሶ ወደ ቤት አልመለሳቸውም። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጥግ ያፈስ ነበር። ከታች ያሉት የሁሉንም ሸክም ተሸክመው ከርመዋል። ሳነሳቸው አሥራ አራቱ እንደ ሰፌድ ጎብጠዋል። አንዱን መርፌ ሥር ባደርገው ክንዱ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ወጣ ገባ እያለ መርፌው ተስፈንጥሮ ወጣ።

ሸክላ አይተኛም፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ግን ዘመም ሳይል። ከግድግዳ ትንሽ ራቅ፣ ከመሬት ከፍ ይበል። ፀሐይ ባለበት መኪና ውስጥማ ለአንድ ሰዓትም አትተዉት። የጎበጠውን በካውያ ወይም በፈላ ውኃ እናቃናለን የሚሉ አሉ፤ ሁለት ሞክሬ ሁለቱንም ጨርሼ ገድያቸዋለሁ። ከጎበጠ እንደጎበጠ አስቀምጡት፤ ቢያንስ ሽፋኑ አለ።

ሁለተኛው ጥፋት ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ ሰው "መርካቶ አሮጌ ሸክላ የሚገዛ አለ" አለኝ። የቤት ወጪው ከብዶን ነበር። እኔ በልቤ "ጃዝ" የምለው የውጩን ነው፤ ትልልቁን፣ ባለ ቆንጆ ፎቶውን፣ እነ ትራምፔት ነፊውን ሚልስ ዴቪስን። በ45 ዙር የሚጫወቱት ትንንሾቹ የአማርኛ ሸክላዎች ግን ሽፋናቸው ያለቀ፣ አንዳንዶቹም በእስክሪብቶ የሰው ስም የተጻፈባቸው ነበሩ። "እነዚህማ የትም አሉ" አልኩ። አርባ ሦስቱን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ገዢው አንድ በአንድ እያገላበጠ አየ። ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አልተነበበም። ሒሳቡን ሲነግረኝ አልተከራከርኩም፤ የሁለት በግ ዋጋ ያህል ነው።

ነገሩ ለካ ተገላቢጦሽ ነው። ውድ ብዬ ያስቀረሁት የሚልስ ሸክላ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ የተሸጠ፣ ዛሬም በየጊዜው እየታተመ የሚወጣ ነው። የአማርኛዎቹ ታሪክ ሌላ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ዐምሃ እሸቴ የሚባል ገና ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ነው። አብዮቱ ሲመጣ እሱም አገር ለቀቀ። ሥራዎቹ እንደገና በዓለም ፊት የታዩት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በፓሪስ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ማውጣት ሲጀምር ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ፤ የውጭ ሰብሳቢዎችም የመጀመሪያውን እትም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ጀመሩ። እኔ በፌስታል ያስረከብኩት ውስጥ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ያለበት አንድ ነበር። ሽለላን ከአዝማሪ አፍ አውጥቶ በሳክስፎን ያሸለለ ሰው! አሁን የማዳምጠው ከስልኬ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ናት። ከመሸጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ሸክላ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱ፤ መሐሉ ላይ ያለውን የአሳታሚ ስምና ቁጥር መዝግቡ። ከዚያ መግዛት የማይፈልጉ ሁለት ሰዎችን ጠይቁ። ገዢን ዋጋ መጠየቅ በግ ለመሸጥ ጅብን ማማከር ነው። በእስክሪብቶ የተጻፈውንም ስም እንዳትንቁት። ከሸጥኳቸው ባንዱ ላይ በአባቴ እጅ የእናቴ ስም ተጽፎ እንደነበር የነገረችኝ ዘግይታ ነው።

የሙት ዓመቱ ወጥቶ፣ እናቴም ጥቁሯን ካወለቀች በኋላ ቨርጂንያ ያለችው የአክስቴ ልጅ አንድ የድሮ ማጫወቻ በሰው ላከችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ፣ አራት ዓይነት ፍጥነት ያለው፣ መርፌው ሲገለበጥ ባንድ በኩል ለትልልቁ ሸክላ፣ በሌላው በኩል ለ78 ዙሩ የሚሆን ነው። የአባቴ ማጫወቻ ሞተሩ ከሞተ ቆይቶ ነበር። 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁና ሰካሁት። ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና ገባና ሁላችንም ቤት ተዘጋብን።

ሥራ የፈታ እጅ ክፉ ነው። "እስቲ ላጽዳቸው" አልኩ። ቤት ውስጥ 70 በመቶ አልኮል በጀሪካን አለ፣ ጥጥ አለ። ከከባዶቹና ከአሮጌዎቹ፣ ከባለ 78ቶቹ ጀመርኩ። ሦስት ናቸው። ጥጡ ወዲያው ጠቆረ። የአርባ ዓመት ቆሻሻ እየወጣ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ይበልጥ አሸሁት። ሁለቱን ጨርሼ ሦስተኛዋን፣ ያቺን የኤሊንግተን ሸክላ፣ ከዳር ወደ መሐል እየጠረግሁ ሁለት ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ጣቴ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ተሰማኝ። ጥጡን አሸተትኩት። ቆሻሻ አይደለም። ሸክላው ራሱ ነው የሚሟሟው።

የ78 ዙር ሸክላዎች የተሠሩት አንድ ነፍሳት ከሚያመነጨው ሙጫ ነው፤ ያ ሙጫ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። አናጢዎች እንጨት የሚያብረቀርቁበት ቀለም የሚበጠበጠውም በዚሁ መንገድ ነው። በኋላ የመጡት በ33 እና በ45 ዙር የሚጫወቱት ፕላስቲክ ስለሆኑ ሌላ ጠባይ አላቸው። ለይታችሁ ዕወቁ፦ ከባድ ከሆነ፣ ሲወድቅ እንደ ስኒ የሚሰበር ከሆነ፣ ፍጥነቱም 78 ከሆነ አልኮል ባጠገቡ አይለፍ። ለሁሉም የሚበጀው ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ነው። የግድ ካስፈለገ የተጣራ ውኃ፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ በቦዩ አቅጣጫ በዙሪያው እየዞራችሁ እንጂ ወደ ጎን አትፈግፍጉ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ።

ያን ቀን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ለወራት የማጫውተው የሚልስን ሸክላ ብቻ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቀረጸውን "ካይንድ ኦፍ ብሉ"። ጃዝ ያን ጊዜ ያዘኝ ማለት እችላለሁ። ቤዙ እንደ ገዳም ደወል ነው የሚጎተተው። ትራምፔቱ የሚያለቅስ ሰው ንፍጡን ለመሰብሰብ ቆም እንደሚል ቆም እያለ ነው የሚናገረው። የአባቴን ሐዘን ያወጣሁት በዚያ ሙዚቃ ነው። ለጓደኞቼ በስልክ "ጃዝ ማለት እርጋታ ነው" እያልኩ መስበክ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ጥቅምት 2013 ላይ ጎረቤታችን ለቡና መጡ። የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ሳክስፎን ተጫዋች የነበሩ፣ ከአባቴ ጋር ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ደስ ይበላቸው ብዬ ሸክላውን አስቀመጥኩ። ቤዙ መናገር ሲጀምር ስኒያቸውን መለስ አድርገው አስቀመጡ።

"ይሄን ሙዚቃ ምን አመመው?"

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"እስቲ የልጅህን ፒያኖ አምጣልኝ።"

የልጄ መጫወቻ የምታክል በባትሪ የምትሠራ ኪቦርድ ናት። ጭናቸው ላይ አደረጉና በሌባ ጣታቸው አንድ ቁልፍ ነኩ። "ይህ ቁራጭ ዲ የምትባለዋ ድምፅ ላይ ነው። አባትህና እኔ ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል።" ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ሸክላው አዘነበሉና ጣታቸውን ወደ ግራ ሰደዱት። ሦስት ቁልፍ ወረዱ። ቢ ላይ ሲደርሱ ኪቦርዷና ቤዙ አንድ ሊሆኑ ጥቂት ቀራቸው። "አየህ? አዝለህ ነው የምታስኬደው። ይህ ሰው እኮ በእግሩ ነው የሚሄድ!" በአባቴ ሸክላ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ቁራጭ በእኔ ቤት ወደ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲጎተት ከርሟል። የሐዘኔ ሙዚቃ ያልኩት የማጫወቻው በሽታ ነበር።

ምክንያቱን የነገረኝ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ትራንስፎርመር የሚቀንሰው ቮልቱን ብቻ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኛ 50 ኸርዝ ነው፤ የእንዲህ ያለ የድሮ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚቆጥረው በኸርዙ ነው። ስለዚህ ከስድስት አምስት እጁን ብቻ ይሮጣል፤ 33 ከአንድ ሦስተኛ የነበረው ወደ 28 ይጠጋል። መፍትሔው የሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ባለ እርከን ፑሌጃ ሃያ በመቶ ያህል ወፈር አድርጎ በናስ ማስወጣት ነው። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ቶርኒቴሩ የጣት ጫፍ የምታክለውን ዕቃ አይቶ ሳቀ፤ የሠራልኝ በሁለተኛው ሙከራ ነው። ከአሜሪካ ማጫወቻ ልታስመጡ ካሰባችሁ ከኋላው የተጻፈውን አንብቡ፦ "50/60" ካለ ወይም በዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ከሆነ አትቸገሩም። "60" ብቻ ካለ ግን የሚጠብቃችሁ የእኔ ታሪክ ነው።

መሣሪያ ሳትገዙ ፍጥነቱን መፈተሽ ትችላላችሁ። ሸክላው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉና በስልካችሁ ሦስት ደቂቃ እየያዛችሁ ዙሩን ቁጠሩ። በ33ቱ ፍጥነት በትክክል መቶ መምጣት አለበት። የእኔ መጀመሪያ ሰማንያ ሦስት ነበር፤ ከቶርኖ ሲመለስ መቶ መጣ።

መቶ መጣና ጋሼን ጠራኋቸው፤ አሁንም ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከኪቦርዷ ጋር አይገጥምም። አሁን ደግሞ በጣም ትንሽ፣ ሩብ ድምፅ የምታክል፣ ከፍ ብሏል። ወደ ቶርኒቴሩ ተመልሼ ልጣላው ተነሳሁ። "ቆይ እስቲ" አሉና ሸክላውን ገለበጡት። ሁለተኛው ገጽ ልክክ ብሎ ገጠመ። አንድ ማጫወቻ፣ አንድ ሸክላ፣ ሁለት ፍጥነት! ነገሩ የቆየ መሆኑን ያወቅሁት ሳነብ ነው፦ በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን፣ ማርች 2 ቀን 1959፣ የመቅረጫው ቴፕ ቀስ ብሎ ይዞር ስለነበር በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ሙዚቃው ፈጠነ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ሦስቱ ቁራጮች ለሠላሳ ዓመት ያህል እንደዚያው ሲታተሙ ቆይተው የተስተካከሉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የአባቴ ሸክላ የድሮ እትም ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲያዳምጥ የኖረው ከልኩ ፈጠን ያለውን፣ እኔ ደግሞ የተጎተተውን። እዚህ ቤት ውስጥ ያን ገጽ በልኩ የሰማው ሰው የለም ማለት ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እንሰማለን። ድምፃቸውንም በስልኬ እቀዳለሁ፤ ሸክላው ለሌላ ሃምሳ ዓመት ይኖራል፣ እሳቸው ግን ሰማንያ አልፏቸዋል። አንድ ቀን ሚልስ በዚያ ሥራው ምን እንዳደረገ ጠየቅኋቸው። "ቀላል ነው። ኮርድ ከኮርድ ላይ እየዘለለ ከሚሮጥ አንድ ስኬል ይዞ ተቀመጠ። ማሲንቆ መቺስ አንድ ቅኝት ይዞ አይደል የሚያድረው? ትዝታን ከያዘ ትዝታ ነው፤ እዚያው ውስጥ ነው ጉዱን የሚያሳይህ።" የማላውቃቸውን የባንድ አባላት፣ የሌሊት ቤቶች፣ ማን ከማን መሣሪያ ተውሶ እንደተጫወተ የነገሩኝ ሁሉ ሃያ ሁለት ሰዓት ሞልቷል። እናንተም ሸክላ ካላችሁ ከመርፌ በፊት ሰው ፈልጉ።

ስለ መርፌ ካነሳሁ፦ የዚህ ዓይነት የድሮ ማጫወቻ ክንድ ከባድ ነው። ወርቅ ሠሪ ጓደኛዬ ሚዛኑን አውሶኝ ብለካው አምስት ግራም አለፈ፤ የዛሬዎቹ ሁለት ግራም ገደማ ናቸው። ስለዚህ ውድ ሸክላችሁን በእሱ ዕለት ዕለት አትጨርሱት። አንድ ጊዜ አጫውታችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና ዕለታዊውን ከዚያ ስሙ። ስትገለብጡ ሳይታመቅ በዌቭ ፋይል አስቀምጡት፤ ኤምፒስሪውን ከዚያ ታወጣላችሁ። መንኮሻኮሹን በሶፍትዌር ለማጥፋት አትቸኩሉ። እኔ በመጀመሪያዎቹ አሥር ላይ ጫጫታውን ጠርጌ ጠርጌ የድራሙን ብሩሽ አብሬ ጠርጌዋለሁ፤ ዋናውን ፋይል ስላላስቀረሁ እንደገና ከሸክላው መገልበጥ ግድ ሆነብኝ።

ያቺን የኤሊንግተን ሸክላ ለአንድ ዓመት ያህል ከቁም ሳጥን ጀርባ ደብቄያት ኖርኩ። ጥምቀት ማግስት ጋሼ "እስቲ አምጣት፣ የሞተችውን እንያት" አሉ። መርፌውን ወደ 78ቱ በኩል ገለበጥኩት። ዳሩ ግራጫ ሆኗል፣ ቦዩ ድምጥማጡ ጠፍቷል፤ መርፌው ሲያርፍበት እንደ ዝናብ ብቻ ነው የሚጮኸው። ጋሼ ክንዱን በጣታቸው አንስተው አልኮሉ ያልደረሰበት፣ ጥቁርነቱ የሚያብለጨልጭበት ቦታ ላይ አሳረፉት። ትራምፔቶቹና ሳክስፎኖቹ በአንድ ላይ ፈነዱ። ዜማው ተመለሰ፣ እየደጋገመ ድምፁን ዝቅ ዝቅ አደረገ፣ አለቀ። አርባ ሰከንድ አይሞላም።

እናቴ ከጓዳ የሽንኩርት እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። ጃዝ ወዳ አታውቅም፤ "የአባትህ ጩኸት" ነበር የምትለው። በሩ ላይ ቆመች።

"ኮኖቨር መጣ እንዴ?" አለች።

"እማዬ፣ ያለችው ይህቺው ናት፤ ሌላውን እኔ..."

"ገብቶኛል። ያን ቀን ቤቱ ሁሉ አልኮል አልኮል ይሸት አልነበር?" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "በል ይህችኑ መልሳት።"